አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ
አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በቋራ ወረዳ ከሱዳን ድንበር ጋር ተያይዞ የሚገኝ ጥብቅ ስፍራ ነው። ስፋቱ ወደ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቅርብ ከተማው የወረዳው ዋና ከተማ ገለጉ ነው። ቋራ በአብዛኛው የሚታወቀው በዐፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ የትውልድ ስፍራነቱ ነው።

ፓርኩ ሜዳማና ሞቃታማ ቆላ ነው። አባሎ፣ ወይባ፣ የእጣን ዛፍና ሽመል ይበቅሉበታል። በምዕራብ የሚዋሰነው የሱዳን ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዱር እንስሳት ድንበሩን አያውቁም። በበጋ በዲንደር ኩሬዎች ዙሪያ ይሰባሰባሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታ ይወጣሉ። ስለዚህ አንዱ ፓርክ ቢጠፋ ሌላውም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ተመራማሪዎች በአልጣሽ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ ወጥመድና በዱካ አረጋገጡ። የአካባቢው ነዋሪዎች ግን ይህን ቀድሞም ያውቁ ነበር።

== ስጋቶች ==

ቋራና መተማ የሰሊጥና የጥጥ አገር ናቸው። ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ፣ የብዙ ሺህ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች መተዳደሪያ በመሆኑ «አይታረስ» ማለት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ አዲስ ማሳ የሚከፈተው ዛፍ እየተመነጠረ ነው። ከዝናብ በኋላ የሚደርቀው ረጅም ሣር ደግሞ ለግጦሽ፣ ለማር ቆረጣና ለአደን ሲባል በሚለኮስ እሳት ይቃጠላል። ከድንበር ማዶ የሚመጡ የከብት መንጋዎችም ጫናውን ይጨምራሉ።

በይበልጥ የተጠናው የእጣን ዛፍ ነው። በመተማ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የታተመ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ የእጣን ምርቱ ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ዋናው ምክንያት ብዙዎች እንደሚገምቱት ግንዱን እየፋቁ ሙጫ መሰብሰብ አልነበረም፤ ችግኞች በእሳትና በግጦሽ ምክንያት ሳያድጉ መቅረታቸው፣ ትልልቆቹም ዛፎች በጥንዚዛ ጥቃት ጭምር መሞታቸው ነው። አጥር ተሠርቶ ከእሳትና ከከብት የተጠበቀ ቦታ ችግኝ የማደግ ዕድል ያገኛል፤ ለዚያ ግን ለዓመታት ግጦሹን መተው ያስፈልጋል።

== ከፓርኩ ባሻገር ==

አይማ ወንዝ ድንበሩን ሲሻገር ዲንደር ተብሎ በስናር አቅራቢያ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት ሁለቱን ፓርኮች በጋራ መጠበቅን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል።