የቃላት ግምጃ ቤትና ስላይድ ሩል

በአገራችን የምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የዚህ ቋንቋ የቃላት ሀብት ለእኛ ለመሐንዲሶች የሥራ መሣሪያ እንጂ ጌጥ አይደለም። ይህን ሀብት በሥርዓት አደራጅተው ለአንባቢ ካቀረቡት ሰዎች መካከል አንዱ ለሙያችንም ባለውለታ ስለሆነ፣ ታሪኩን ማውሳቱ ተገቢ ይሆናል።

ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1779 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1798 ገና በ19 ዓመቱ ተመረቀ። ፍላጎቱ ግን በሕክምና ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1814 የቁጥሮችን ርቢና ሥር ለማስላት የሚያስችል ሎግ-ሎግ የተባለ መስፈርት ያለው ስላይድ ሩል ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ በ1815ም የማኅበሩ አባል ሆነ። ይኸው መስፈርት ከጊዜ በኋላ ተስፋፍቶ፣ በ1970ዎቹ የኪስ ካልኩሌተር ስላይድ ሩልን እስኪተካው ድረስ ከመሐንዲሶች እጅ አልተለየም።

ሮዤ በ1805 ቃላትን በየሐሳባቸው የሚመድብ አንድ መዝገብ ለግል መጠቀሚያው አዘጋጅቶ ነበር። ከ1827 እስከ 1848 በሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊነት ካገለገለ በኋላ ወደዚሁ መዝገብ ተመለሰ፤ አስፋፍቶም በ1852፣ በ73 ዓመቱ፣ «ቴሶረስ» በሚል ስም አሳተመው። የቃሉ ምንጭ ግሪክኛ ሲሆን ትርጓሜው ግምጃ ቤት ማለት ነው። በ1755 የታተመው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የተደረደረ በመሆኑ፣ አንባቢውን ከቃል ወደ ትርጉም ይመራል። ሮዤ ግን መንገዱን ገለበጠው፤ ቃላትን በ6 ታላላቅ ክፍሎችና በ1000 አርእስት መድቦ፣ ሐሳቡን ይዞ ቃል ላጣለት ጸሐፊ መፈለጊያ አበጀለት።

ይሁን እንጂ ግምጃ ቤቱ ቃላትን ያጎራብታል እንጂ ልዩነታቸውን አይተረጉምም። ለሙያችን አደጋው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። «ስትሬንግዝ»፣ «ስቲፍነስ»፣ «ሃርድነስ» እና «ታፍነስ» የተባሉት አራት ቃላት በተለምዶ አማርኛ ሁሉም «ጥንካሬ» ተብለው ሊታለፉ ይችላሉ። በምሕንድስና ግን የመጀመሪያው ሳይሰበር ወይም ቅርፁ ለዘለቄታው ሳይለወጥ ጭነትን መቻልን፣ ሁለተኛው መለጠጥንና መጉበጥን መቋቋምን፣ ሦስተኛው መጫርንና መሰርጎድን መከላከልን፣ አራተኛው ሳይሰበር ኀይልን መምጠጥን ያመለክታሉ። መስተዋት እጅግ ሃርድ ነው፤ ታፍ ግን አይደለም። ጭነቱን የሚችል ምሰሶም ስቲፍነስ ካነሰው፣ ሳይሰበር ከሚፈቀደው በላይ ሊጎብጥ ይችላል። በቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ቃል በሌላው የለወጠ ጸሐፊ እንግዲህ ስሕተቱ የሰዋስው ሳይሆን የሕንፃው ይሆናል።

በመሆኑም ቃላትን በብዛት ማከማቸት ብቻውን እውቀት አይባልም። አዲስ ቃል ያገኘ ባለሙያ ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያይቶ፣ የሚለካበትን መስፈሪያ ለይቶ፣ በአማርኛም አንድ የጸና አቻ ሰጥቶ ቢመዘግበው ለራሱም ለባልደረቦቹም ይጠቅማል። ሮዤ በ1869 በ90 ዓመቱ አረፈ። መጽሐፉን ልጁ፣ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው የልጅ ልጁ እያሻሻሉ አሳትመውታል። እኛም ይህን መሰሉን ሥራ በየመሥሪያ ቤታችን ብንጀምር፣ ለተተኪው ትውልድ የተደራጀ ግምጃ ቤት እናወርሳለን።