ከእኩያ ጋር መመዛዘን፤ ከጆሃንስበርግ የታየ

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከደቡብ አፍሪካ በድብቅ ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ ካርቱም ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። አብራሪው ጥቁር መሆኑን ባዩ ጊዜ ድንጋጤ እንደ ያዛቸው፣ ወዲያው ግን የአፓርታይድ አስተሳሰብ በራሳቸው ውስጥ መስረጹን ተገንዝበው እንደ ተረጋጉ በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። ዘረኝነትን የሚታገል ሰው እንኳ ወገኑን የሚለካው ጨቋኙ ባበጀው መስፈሪያ ነበር ማለት ነው።

በዚያች አገር የኢትዮጵያ ስም እንደ ሌላ መለኪያ ማገልገል የጀመረው ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር ቄስ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የዘር አድልዎ ተቃውመው በመውጣት በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ የራሳቸውን ሲመሠርቱ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሙት። ስሙ የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ የዐድዋ ድል ገና 4 ዓመት ይቀረው ነበር። እኛም በዚህ ስንኮራ ኖረናል። መኩራታችን ባልከፋ፤ ኩራቱ ራሱ ከሌላው ጋር ከመመዛዘን የተወለደ መሆኑን ግን ልብ አላልነውም።

አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ። ቀድሞ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩት የጄፒ ጎዳና ፎቆች (ጎዳናው ዛሬ በ1956ቱ የሴቶች ሰልፍ መሪ በራሂማ ሙሳ ስም ይጠራል) በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞሉ። የአገሩን ሰው ያስደነቀው የዚያ አብራሪ ወገን አሁን ብርድ ልብስና ልብስ ተሸክሞ በጥቁሮች ሰፈር በእግሩ እየዞረ በዱቤ የሚሸጥ ሆነ።

ለመሆኑ ይህ ሰው ራሱን ከማን ጋር ያስተያያል? ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰው ቁርጥ ያለ መለኪያ ባጣ ጊዜ ችሎታውን የሚመዝነው ከሌሎች ጋር፣ በተለይም ከሚመስሉት ጋር ነው። ስለዚህ የጄፒው ነጋዴ በሳንድተን ቱጃሮች አይበሳጭም። አብሮት ድንበር የተሻገረው ጓደኛው ሱቅ ከፈተ ሲባል ግን፣ ትናንት ያስደሰተው ያው ገቢ ዛሬ ያሳፍረዋል። ከኪሱ አንድ ራንድ አልጎደለም። ቋንቋችን ለዚህ ስሜት ሁለት መንገድ አበጅቶለታል፤ ሌላውን ለመጣል ሲነሣሣ ምቀኝነት፣ ራስን ለማንሣት ሲሆን መንፈሳዊ ቅናት ይባላል። የቱ እንደሚያይል ጎዳናው ራሱ ያውቃል።

ይኸው ሕግ በእኛም ላይ ዞረ። በሜይ 2008 የ62 ሰው ሕይወት ያጠፋው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያነጣጠረ ሁከት የተቀሰቀሰው አሌክሳንድራ በተባለው የድሆች ሰፈር ነበር። አሌክሳንድራ ከሳንድተን ጋር ጎረቤት ናት፤ የሀብታሞቹ ፎቅ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁጣው ግን ወደዚያ አልተሻገረም፤ የወረደው በእዚያው ሰፈር ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ በሚኖረው መጤ ላይ ነው። ሥራ አጥነቱና የመንግሥት ቸልታ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ሆኖም ከነዋሪው እኩል ድሃ መስሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሰው፣ ከሩቁ ባለጸጋ ይልቅ እንደሚያስቆጣ በ2015 እና በ2019 ደግመን አይተናል።

ነገሩ እጅግ የሚከፋው ግን በአገር ቤት ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዟል፤ በላከውም ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ቤት ተሠርቷል። ጎረቤቱ ያለው ቤት ትናንት ደኅና ነበር፤ አጠገቡ ፎቅ ሲቆም ግን ጎጆ መሰለ፤ ልጁም መንገድ ጀመረ። የሚላከው ፎቶግራፍ መኪናውን እንጂ፣ ሌባ ተፈርቶ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ የሚሸጥበትን ሱቅ አያሳይም። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ በኮንቴይነሩ ከታጨቁት 78 ኢትዮጵያውያን መካከል 64ቱ ሞተው ተገኙ። እነርሱ ቤት አልሠሩምና ልጁን ከእነርሱ ጋር የሚያስተያይ ጎረቤት የለም።