ፍልስፍና በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ፍልስፍና በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በየትኛውም ዘርፍ ቢመደቡ የሚወስዱት የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ በሁለቱም ዘንድ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል፦ ተማሪው ያቀረበውን ጽሑፍ ማን ጻፈው? ጥያቄው ለኢትዮጵያ ፍልስፍና አዲስ አይደለም። በዘርፉ ይበልጥ የታወቀው ሥራ፣ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅበት የኖረው ይኸው ነው።

አጀማመር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። የማኅበሩ ሌላ አባል፣ ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው ፍልስፍና ማስተማር ጀመሩ፤ ቀሪ ዘመናቸውን በአብዛኛው ያሳለፉትም በኢትዮጵያ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በአማርኛ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ የእጓለ ገብረ ዮሐንስ «የከፍተኛ ትምህርት ዘይቤ» ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ከፍተኛ ትምህርት ምን እንደሆነና አገር በቀሉ ዕውቀት ከዘመናዊው ጋር እንዴት ሊዋሐድ እንደሚችል ይመረምራል።

ሰምነር እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርእስ አምስት ቅጾችን በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ አንጋረ ፈላስፋ፣ ፊሳልጎስና ስክንድስ ከውጭ ቋንቋ ወደ ግእዝ የተመለሱ ናቸው። ሰምነር ግን እንደ ኢትዮጵያ ሥራ ቆጥረዋቸዋል። ምክንያታቸው የግእዙ ተርጓሚ እንደ ገልባጭ ቃል በቃል አይሄድም፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ለራሱ ሰው እንዲስማማ አድርጎ ያቃናል የሚል ነው። አንድ ጽሑፍ መነሻው የሌላ ሆኖ ሳለ የራስ ሥራ የሚሆነው ምን ሲደረግበት ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ በቻትቦት የተረቀቀ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪም የሚገጥመው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተማሪው አይጨምርም፣ አይቀንስም።

የሐተታው ደራሲ ክርክር

ሐተታው ስለ ደራሲው በሚናገረው መሠረት ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረው የሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ሐሳቡን የጻፈውም በእርጅናው፣ በእንፍራዝ፣ በተማሪው በወልደ ሕይወት ጥያቄ ነው። ወልደ ሕይወትም በበኩሉ ሌላ ሐተታ ጽፏል። (ይህ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተለየ ሰው ነው። ሁለቱን ማደባለቅ በሰዎችም ዘንድ የተለመደ ነው።)

የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከኢትዮጵያ ለፈረንሳዊው ለአንቷን ዳባዲ የላኩት ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኤኖ ሊትማን ካሳተሙት በኋላ በአውሮፓ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጽሑፉ የኢትዮጵያዊ ሳይሆን የራሳቸው የዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ሲሉ ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ዩጂን ሚትቮክም ይህንኑ ደገፉ። ሰምነር በተቃራኒው ሁለቱን ሐተታዎች እርስ በርስና ከሚስዮናዊው ጽሑፎች ጋር አነጻጽረው ደራሲዎቹ ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። ቴዎድሮስ ኪሮስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ምክንያታዊነት መጽሐፍ አወጡ። ፈረንሳዊቷ የታሪክ አጥኚ አናይስ ቪዮን የሚስዮናዊውን ደራሲነት መልሰው አጥብቀው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ሎራ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተሙ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ክርክሩ ለሎጂክ ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። አንድን ሐሳብ ከየት መጣ ብቻ ብሎ መጣል በሎጂክ ስሕተት ነው፤ ክርክሩ የሚመዘነው በማስረጃዎቹና በመደምደሚያው ግንኙነት ነው። ስለዚህ በሐተታው ውስጥ ያሉት ክርክሮች ዘርዐ ያዕቆብም ጻፋቸው ዳ ኡርቢኖ ጥንካሬያቸው አይለወጥም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ማለትም የኢትዮጵያ የሐሳብ ታሪክ። የተማሪ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በማሽን የተጻፈ ጥሩ ክርክር ጥሩ ክርክር ነው፤ ውጤት የሚሰጠው ግን ለሰው ነው።

የአንደኛ ዓመት ኮርስ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ለሁሉም የጋራ ሆነ። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ተማሪ በሕይወቱ የሚያገኘው ብቸኛ የፍልስፍና ትምህርት ይኸው ነው። ሞጁሉ ስድስት ምዕራፎች አሉት፦ የፍልስፍና መግቢያ፣ የሎጂክ መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ሎጂክና ቋንቋ፣ የክሪቲካል ቲንኪንግ መሠረቶች፣ ኢመደበኛ የክርክር ስሕተቶች እና ምድባዊ ዐረፍተ ነገሮች። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው።

ከኮርሱ ለዘመኑ በቀጥታ የሚጠቅመው በቅርጹ ትክክል በሆነና በማስረጃውም እውነት በሆነ ክርክር መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ወፎች ሁሉ ይበራሉ፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበራለች» የሚለው ክርክር ቅርጹ እንከን የለውም፣ የመጀመሪያው ማስረጃ ግን ሐሰት ነው። የቋንቋ ሞዴሎች አደገኛ ስሕተትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ አነጋገሩ የተስተካከለ፣ ቅደም ተከተሉ የጠራ፣ መሠረቱ ግን የሌለ መጽሐፍ ወይም ያልተባለ ጥቅስ ይሆናል። ሞዴሉ የሚሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ስለሆነ በሚያውቀውና በማያውቀው መካከል የድምፅ ለውጥ አያደርግም። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሲጠየቅ ንጉሡንና ፈላስፋውን አንድ ሰው አድርጎ በልበ ሙሉነት ሊተርክ ይችላል። ሞጁሉን በደንብ ያነበበ ተማሪ ይህን ለመያዝ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

የቤት ሥራና ምዘና

የራስ ያልሆነ ጽሑፍ ማቅረብ የተጀመረው በቻትቦት አይደለም። በየግቢው አጥር ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች «አሳይመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ከቀድሞም የታወቀ ነው። ማሽኑ ያደረገው ዋጋውን ማውረድ ነው። ከለቡ ስድስት ኪሎ ድረስ የሚመላለስ ተማሪ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በስልኩ በደቂቃዎች የሚያገኘውን ድሮ ገንዘብና ቀናት ይጠይቅ ነበር።

መምህራን በመጀመሪያ የተመለከቱት ወደ መለያ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህ ግን ለኢትዮጵያ ተማሪ በተለይ አስተማማኝ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ፈትሸው ነበር። መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ማሽን የጻፋቸው ናቸው አሉ። ምክንያቱ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚጠቀምባቸው ቃላት ውሱንና የተለመዱ መሆናቸው ነው፤ መለያው ደግሞ የሚገመት ቃል ባየ ቁጥር ማሽን ነው ይላል። ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በትክክለኛነት ማነስ አንሥቶታል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ብቻ ተማሪን መክሰስ በሎጂኩ ሞጁል ራሱ ደካማ ማስረጃ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚያስከፍለው ግን የአንድ ሰው ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ሁሉም የማሽን አጠቃቀም ማጭበርበር አይደለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ተማሪ ሰዋስው ለማረም ሲጠቀምበት ሐሳቡ የእሱ እንደሆነ ይቀራል። ሐሳቡንም ቃሉንም ከማሽኑ የወሰደው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወረቀቱ ብቻ ሲታይ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በተቆጣጣሪ ፊት የሚወሰድ ስለሆነ ከዚህ ችግር በከፊል ነጻ ነው። ይሁን እንጂ ምርጫ መምረጥ ፍልስፍና መጻፍን አይመዝንም። ቀሪው መንገድ የቃል ፈተና ነው፤ ተማሪው ጽሑፉን ይዞ ይቀመጣል፣ መምህሩ «ይህን ማስረጃ ብንተወው መደምደሚያህ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀዋል። መቶና ከዚያ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት የአንደኛ ዓመት ክፍል ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን የሚቻል ነው።

ለዚህ አሠራር አገር በቀል አብነት አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው በቆጠራ ሰዓት ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ያስባል፣ ከዚያም በነገራ ጊዜ በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ትናንት የተባለ ወይም የሌላ ሰው ቅኔ ተቀባይነት የለውም። ሰምና ወርቁን ሲጠየቅ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ቅኔው የእሱ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቅበታል። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም ደራሲው የቅኔ ትምህርት እንዳለፈ ይናገራል።

የቋንቋ ችግር

የፊደል ገበታ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ «ሀ» ወይም «ፍ» እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ። የቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ስለሚያነቡና ቁርጥራጮቹም በብዛት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ተመሥርተው ስለተዘጋጁ፣ አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ተመሳሳይ ትርጉም ካለው እንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን ይፈጃል። ክፍያ በቶክን በሚቆጠርበት አገልግሎት በአማርኛ ማሰብ ውድ ነው ማለት ነው።

የቃላት አለመርጋትም ይጨመራል። አንዱ ደራሲ «ሥነ ህላዌ» ያለውን ሌላው «ሥነ ኑባሬ» ይለዋል፤ «ሎጂክ» እና «አመክንዮ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሞዴሉ በአንድ መልስ ውስጥ ሁለቱንም ሊጠቀምና የተለያዩ ነገሮች ሊያስመስላቸው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተቋቁሞ በኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ልሳን ደግሞ ለአማርኛና ለትግርኛ የማሽን ትርጉም ያቀርባል።

ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ ክርክር

አለን ቱሪንግ ማሽን ሊያስብ ይችላልን የሚለውን ጥያቄ በፍልስፍና መጽሔት ላይ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ጆን ሰርል በቻይንኛ ክፍሉ ምሳሌ ምልክት ማገላበጥ መረዳት አይደለም ብለው የመለሱት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በቅርቡ ደግሞ ከጥያቄው ግንባር ቀደም ተከራካሪዎች ሁለቱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ናቸው።

በአዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር ባወጡት ጽሑፍ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን ትርጉሙን ሳያውቅ ከሚደግም በቀቀን ጋር አመሳስለዋቸዋል። በጽሑፉ ምክንያት በተነሣ ውዝግብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከጉግል ተለያይተው ከአንድ ዓመት በኋላ ዴር የተባለውን ነጻ የምርምር ተቋም መሠረቱ። አበባ ብርሃኔ ሥነ ልቡናና ፍልስፍና አጥንተው ዶክትሬታቸውን በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሠርተዋል። ከቪናይ ፕራቡ ጋር ያደረጉት ጥናት ኤምአይቲ አንድ ታዋቂ የምስል ክምችት እ.ኤ.አ. በ2020 ከአገልግሎት እንዲያነሣ ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ከሌሎች ጋር ካለው ግንኙነት ለይቶ በቁጥር የሚተነብይ አሠራር ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን፣ የአፍሪካን የኡቡንቱ ሐሳብ ጭምር ይዘው ተከራክረዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ታይም መጽሔት ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መቶ ተጽዕኖ ፈጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።