«ሀገርሽ የት ነው?» ስንባባል



በኩልፎ አካባቢ የምንኖር ሴቶች ስንተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የምንጠያየቀው «ሀገርሽ የት ነው?» ብለን ነው። አንዷ ዶኮ፣ ሌላዋ ቦንኬ፣ ሌላዋ ኦቾሎ ትላለች። ከወላይታ ወይም ከኮንሶ የመጣችም አለች። ዘንድሮ የአባላት መዝገባችንን እያደስን ስለሆነ፣ ይህ ቃል በጋሞ ምድር ያለፈበትን ታሪክ በጥቂቱ ልናካፍላችሁ ወደድን።

በጋሞኛ ሀገር «ደሬ» ይባላል። ደሬ ሲባል መሬቱም፣ በላዩ የሚኖረው ሕዝብም አብሮ ይነሣል። የጋሞ ደጋ ከ40 በሚበልጡ ደሬዎች የተከፈለ ነበር። ደሬዎቹ የየራሳቸው መሪዎችና «ዱቡሻ» የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አሏቸው። ጠብ ሲነሣ ወይም ድንበር ሲገፋ ሸንጎው እዚያ ይቀመጣል፤ በዳይና ተበዳይ እዚያ ይታረቃሉ። ስለዚህ «ደሬዬ ይህ ነው» ያለ ሰው የተወለደበትን ቦታ ሲናገር፣ ጥፋት ቢያጠፋ የሚጠየቅበትን፣ ቢበደል የሚጮኽበትን ሸንጎም መናገሩ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጋሞ ደጋ በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ብዙ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ወርደው በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ። እዚያ ዶኮውም ጨንቻውም በአንድ ስም «ዶርዜ» ተባለ። ዶርዜ በጨንቻ አጠገብ ያለ አንድ ደሬ ነው፤ በከተማው አፍ ግን የሙያ ስም ሆነ። አንዳንዱም ሸማኔን ለመናቅ ተጠቀመበት። ዛሬ ያው ስም የጥሩ ጥበብ መታወቂያ ሆኖ ገበያ ላይ ይከበራል።

በ1950ዎቹ ደግሞ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ደገኛው ወባ ወዳለበት ቆላ ወርዶ ከየደሬው ከመጣው ጋር ጎረቤት ሆነ። ኩልፎም ውሃውን ከደጋው ይዞ በከተማው አጠገብ አልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል፤ በዳርቻው የሚኖረው ግን የብዙ ሀገር ልጅ ነው።

የትውልድ ስም ሰውን ለመለየትና ለመጉዳትም ውሏል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ከቤታቸውም ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የለም፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ጥፋት ያላጠፋ ጎረቤት በትውልዱ ምክንያት እንዳይነካ የደሬ ሥርዓት ጠበቀው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኛ ሴቶች የት አለን? በዱቡሻው የሚቀመጡት ወንዶች ነበሩ። ሴት ስታገባ ከአባቷ ደሬ ወጥታ ባሏ ደሬ ትገባለች፤ ልጆቿም በአባታቸው ደሬ ይጠራሉ። የእናት ሀገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ይረሳል። ሸማውም እንዲሁ ነው። በጋሞ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፤ ሸማው በሸማኔው ሀገር ስም ሲሸጥ ፈታይዋ ከየት እንደሆነች የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአዲሱ መዝገብ «የትውልድ ቦታ» በሚለው ረድፍ አጠገብ «የእናት ሀገር» የሚል ረድፍ ይጨመር። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ ከጋሞ ውጭ የመጣችውም እኅታችን የእናቷን ሀገር በኩራት ታጻፍ። ብድርና እርዳታ ሲሰጥ ግን ሁለቱም ረድፎች አይታዩ። ቁጠባችንን አንድ ሣጥን ውስጥ ስናስገባ፣ ስንጣላም በአንድ ሸንጎ ስንታረቅ፣ በደሬ ሥርዓት እየኖርን ነው።

እስከ ጉባኤው ድረስ አስተያየታችሁን ለጸሐፊዋ በጽሑፍም በቃልም አድርሱልን።