የሞሆስ ሜዳ የአፈር መንገዶች

በቦሊቪያ ቤኒ ግዛት የሚገኘው የሞሆስ ሜዳ በዝናብ ወራት በጎርፍ ይጥለቀለቃል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ሰዎች በዚህ ሜዳ ላይ በርካታ የአፈር መንገዶችን ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ለኪሎ ሜትሮች ቀጥ ብለው ይዘልቃሉ። አሠራራቸው ግልጽ ነው፦ አፈሩ ከጎን ተቆፍሮ መሐል ላይ ይከመራል። ጉብታው እግረኛን ከጭቃ ሲያወጣ፣ የተቆፈረው ቦይ ደግሞ ውሃ ይዞ ለታንኳ ይመቻል። ያው ጉብታ የጎርፉን ፍሰት ሲያቋርጥ ግድብ ይሆናል፤ እርጥበት በሜዳው ላይ ይቆያል፣ ከጎርፉ ከፍ ተደርገው የተሠሩት የእርሻ መደቦችም ከዚሁ ይጠቀማሉ። አርኪዮሎጂስቱ ክላርክ ኤሪክሰን መንገዶቹ ውሃን ለመቆጣጠርም ያገለግሉ እንደነበር ይከራከራሉ፤ እኔም ክርክራቸውን እቀበላለሁ።

መንገዱ የተሠራው ለመሄጃ ነው፣ ውሃ ያገደው በአጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። ለመሄጃ ብቻ ቢሆን ግን በአንዳንድ ስፍራ ጎን ለጎን ብዙ መንገድ መደርደር ምን ያስፈልግ ነበር? ባውሬስ በተባለው አካባቢ ያሉት ዝቅተኛ የአፈር እርከኖች ደግሞ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፤ በመታጠፊያቸው ላይ ክፍተት አለ፣ አጠገባቸውም ኩሬ ይገኛል። ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እነዚህ የዓሣ ማጥመጃዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። ውሃ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። በእርግጥ እያንዳንዱ መንገድ ለእርሻ ተብሎ ተሠራ ማለት ከማስረጃው ማለፍ ነው። የአማዞን ሕዝብ ምድሩን ሳይነካ በዱር ፍሬ ብቻ ኖረ የሚለው የቆየ አስተያየት ግን በሞሆስ ፊት አይቆምም።