ጥልቀት ለኪ ካሜራዎችን ከአስቸጋሪ አካባቢዎች ጋር ማጣጣም

ጥልቀት ለኪ ካሜራ ከተለመደው የፎቶግራፍ ካሜራ የሚለየው የነገሮችን መልክ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ ከካሜራው ያለውን ርቀት ጭምር መዝግቦ በማቅረቡ ነው። መሣሪያው በፋብሪካዎች፣ በመጋዘኖች፣ በማዕድን ማውጫዎች፣ በእርሻ ማሽኖችና በጠፈር ምርምር ተሽከርካሪዎች ላይ አገልግሎት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለገበያ ከሚቀርቡት ካሜራዎች አብዛኛዎቹ መጠነኛ ሙቀትና ብርሃን ላለው የቤት ውስጥ ሥራ የተነደፉ በመሆናቸው፣ ለኃይለኛ ፀሐይ፣ ለአቧራ፣ ለብርድ ወይም ለውሃ ሲጋለጡ የሚሰጡት ቁጥር ከእውነታው ሊርቅ ይችላል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ካሜራውን በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ማሸግ ነው። ሆኖም መሣሪያው የሚለካው በብርሃን አማካይነት ስለሆነ በፊቱ የሚቆመው መስታወትም ሆነ የሚጨመርለት ማሞቂያ በልኬቱ ላይ የራሱን ተጽዕኖ ያሳድራል። በመሆኑም ማጣጣም ማለት ማሸግ ብቻ ሳይሆን ከታሸገ በኋላ ልኬቱን እንደገና ማረጋገጥና ማስተካከል ጭምር ነው።

ሦስቱ የአሠራር ዘዴዎች

በሥራ ላይ ያሉት ካሜራዎች በአሠራራቸው በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያው ጥንድ ካሜራ ሲሆን፣ እንደ ሰው ዓይን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሌንሶች የሚያነሷቸውን ምስሎች በማነጻጸር ርቀቱን ያሰላል። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ በተባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር የነጠብጣብ ንድፍ በአካባቢው ላይ ይረጭና ንድፉ ከቦታው የተዛወረበትን መጠን ይለካል። ሦስተኛው ደግሞ ብርሃን ልኮ ነጥሮ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ያሰላል። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአንድ ሴንቲ ሜትር የርቀት ልዩነት ለመለየት 67 ፒኮሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ መለየትን ይጠይቃል። ሦስቱም ዘዴዎች የሚዳከሙበት ሁኔታ የተለያየ በመሆኑ የማጣጣሙ ሥራ የሚጀምረው ለአካባቢው ተስማሚ የሆነውን ዘዴ ከመምረጥ ነው።

የፀሐይ ብርሃን ተጽዕኖ

የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ለጨዋታ መሣሪያ ያወጣው ኪኔክት የተባለው ካሜራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካሜራው የነጠብጣብ ንድፍ የሚረጭ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ እስከ አራት ሜትር ገደማ ድረስ ርቀትን በአጥጋቢ ሁኔታ ይለካል። በቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ሥር ግን ከፀሐይ የሚመጣው ኢንፍራሬድ ደካማውን ንድፍ ስለሚውጠው መለካት ይሳነዋል። በአንጻሩ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ተመራማሪ የነበሩት ኬን ማንኮፍ ይህንኑ ካሜራ በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች በሚገኝ የበረዶ ግግር ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ተጠቅመውበታል። የፀሐይ ብርሃን የማይደርስበት ዋሻ ለሰው አስቸጋሪ ቢሆንም ለመሣሪያው ግን ምቹ ነበር። አንድ አካባቢ አስቸጋሪ የሚባለው ከመሣሪያው አሠራር አንጻር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከቤት ውጭ ለሚሠሩ ካሜራዎች የሚወሰደው አንዱ እርምጃ የጨረሩን የሞገድ ርዝመት ከ850 ወደ 940 ናኖሜትር ማዛወር ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን በ940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የፀሐይ ጨረር ስለሚመጥ ወደ ምድር የሚደርሰው መጠን አነስተኛ ይሆናል። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው። ከሲሊከን የሚሠሩት የምስል ተቀባይ ክፍሎች በ940 ናኖሜትር ላይ ያላቸው ትብነት ከ850 ያነሰ ነው። ከዚህም ሌላ አየሩ ደረቅና ከፍታው ከፍተኛ በሆነ ሥፍራ የውሃ ተኑ አነስተኛ ስለሚሆን ጥቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ላይ የተፈተነ ካሜራ በደረቅ ደጋማ አካባቢ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ተብሎ ሊወሰድ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሌዘሩን ኃይል ያለገደብ መጨመርም አይቻልም፤ ለዓይን ደኅንነት ሲባል የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መሥፈርት ቁጥር 60825 ወሰን አበጅቶለታል።

ሙቀትና ብርድ

የሙቀት መለዋወጥ ካሜራውን ሳያበላሸው ልኬቱን ብቻ ሊያዛባው ይችላል። ለምሳሌ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተቀመጡ ሁለት ሌንሶች ያሉት ካሜራ ተሸካሚው ብረት በሙቀት ተጣምሞ አንዱ ሌንስ በአንድ መቶኛ ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ በአምስት ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳስቶ ይለካል። ስሕተቱ በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ በአሥር ሜትር ላይ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በሌዘር የሚሠሩትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በተለመዱት የሌዘር ዳዮዶች የሞገዱ ርዝመት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.3 ናኖሜትር ገደማ ስለሚለወጥ፣ በ40 ዲግሪ ልዩነት ጨረሩ የፀሐይን ብርሃን ለመከላከል ከተገጠመው ጠባብ ማጣሪያ ሊወጣ ይችላል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያሳረፋቸው ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ተሽከርካሪዎች ተሞክሮ ተጠቃሽ ነው። ተሽከርካሪዎቹ መሰናክል ለመለየትና መንገድ ለመምረጥ የተጠቀሙት በጥንድ ካሜራዎች ነበር። ይህ ዘዴ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን በመሆኑ ጨረር ማመንጨት አያስፈልገውም፤ ኃይልም ይቆጥባል። የካሜራዎቹ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ሲሆን፣ ቅዝቃዜው ከዚህ ሲብስ በማሞቂያ እንዲሞቁ ይደረግ ነበር። ጥንድ ካሜራ በሁለቱ ምስሎች ላይ የሚነጻጸር ምልክት ስለሚፈልግ ግን ለስላሳ አሸዋ በሸፈነው ሜዳ ላይ ተቸግሯል። ለ90 የማርስ ቀናት ታቅዶ የነበረው ኦፖርቹኒቲ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በተነሳ የአቧራ ማዕበል ግንኙነቱ ተቋርጧል።

አቧራ፣ ውሃና ፈንጂ ጋዝ

የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ የሚወሰነው በኮሚሽኑ መሥፈርት ቁጥር 60529 ነው። ለምሳሌ አይፒ 67 የተባለው ደረጃ ዕቃው አቧራ ጨርሶ የማያስገባና በአንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ጉዳት የማይደርስበት መሆኑን ያመለክታል። ሆኖም ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሳጥኑ እንጂ ስለ ልኬቱ አይደለም። በመስታወቱ ላይ የሚያርፍ አቧራ ወይም ጤዛ ካሜራው የላከውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ መሣሪያው በቅርብ የሌለ ነገር እንዳለ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። መስታወቱን የሚያጸዳ የታመቀ አየር፣ ጤዛ የሚከላከል ማሞቂያ እንዲሁም የላኪውንና የተቀባዩን ክፍል የሚለይ ግርዶሽ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በውሃ ውስጥ ሁኔታው ይለወጣል። ከፀሐይ ጨረር ጋር በሚደረገው ትግል አጋዥ የነበረው የውሃ ጨረር መምጠጥ እዚህ እንቅፋት ይሆናል፤ ኢንፍራሬድ በአጭር ርቀት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ውሃ የሚገባ ካሜራ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ብርሃን መሥራትና የብርሃኑን መታጠፍ ያገናዘበ ስሌት መያዝ ይኖርበታል።

በከሰል ማዕድን ማውጫ ዋሻዎች ደግሞ የሚቴን ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ከትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የቁጥር 60079 ተከታታይ መሥፈርቶችን ማሟላት አለባቸው። አንዱ መንገድ በውስጡ የሚነሳ ፍንዳታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያግድ ወፍራም ሳጥን መጠቀም ነው። የሳጥኑ ወፍራም መስታወት ብርሃንን ስለሚያጥፍ ግን የልኬት ማስተካከያው መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ መከናወን ይኖርበታል።

ለግዥና ለቁጥጥር ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

እነዚህን መሣሪያዎች የሚገዙ ተቋማት በቴክኒክ ዝርዝር መግለጫቸው ላይ የመከላከያ ደረጃውን ብቻ መጥቀሳቸው በቂ አይሆንም። ካሜራው ከነሳጥኑና ከነመስታወቱ፣ በሥራ ቦታው የፀሐይ ብርሃንና በሙቀቱ ሁለት ጠርዞች ላይ ተፈትኖ ያስመዘገበው የስሕተት መጠን በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። ከፍታም ከግምት መግባት አለበት። የበርካታ ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች የዋስትና ወሰን እስከ 2000 ሜትር ሲሆን፣ ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ በአየር የሚቀዘቅዝ ዕቃ ይበልጥ ይሞቃል።

ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት መሣሪያው መለካት ሲያቅተው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ለምሳሌ በ20 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ጊዜ ለኪ ካሜራ ሊለይ የሚችለው እስከ 7.5 ሜትር ያለውን በመሆኑ፣ በ8.5 ሜትር ላይ ያለን ነገር በአንድ ሜትር ላይ እንዳለ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። ሰዎች በሚንቀሳቀሱበት ሥፍራ ከባድ ማሽን ለሚመራ ካሜራ የተሳሳተ ቁጥር ከባዶ ምስል የበለጠ አደገኛ ነው። ስለሆነም ካሜራው የማይታመን ልኬት ሲያጋጥመው ይህንኑ በግልጽ የሚያሳውቅና ማሽኑን የሚያቆም መሆኑ ከርክክብ በፊት በሥራ ቦታው ላይ በተግባር መረጋገጥ ይኖርበታል።