ሁከትና ድፍርስ፤ ስለ ውኃና ስለ ልብ መታወክ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተነገረ ሐተታ

የዮሐንስን ወንጌል የሚመለከት ሰው በምዕራፍ 5 በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ያገኛል፤ ይህ ሰው ውኃው የሚናወጥበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ወደ ምዕራፍ 14 ባለፈ ጊዜ ደግሞ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ስለ ልባቸው መታወክ ሲያጽናናቸው ያነባል። በአማርኛችን ውኃው «ተናወጠ» ይባላል፥ ልብ ግን «ታወከ» ይባላል፤ ቃሉ ሁለት ነው። የጽርዕ መጽሐፍ ግን ለውኃውም ለልቡም «ታራሶ» የሚለውን አንዱን ግሥ ይናገራል። በምዕራፍ 11 ጌታችን ስለ አልዓዛር በራሱ በታወከ ጊዜም የተጻፈው ይኸው ግሥ ነው። ስለዚህ መታወክ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ውኃው የተናወጠው ለፈውስ ነበር፥ ጌታችንም የታወከው ስለ ወዳጁ ነበርና። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሕዝብ ሁሉ ይህን ነገር በምን ቃል እንደሚጠራው፥ ቃሉንም ከወዴት እንዳመጣው በጥቂቱ እንመርምር። ቃሉን ያላወቀ ሰው መድኀኒቱንም አያውቅምና።

አስቀድሞ የራሳችንን እንይ። «ሁከት» ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ሆከ» ማለት አነቃነቀ፥ በጠበጠ፥ አወከ ማለት ነው። የቀረው አማርኛችን ግን ከማጀት የወጣ ነው። «ነውጥ» እና «ተናወጠ» ከ«ናጠ» ጋር ይዛመዳሉ፤ ሴትዮዋ ወተቱን በቅል የምትንጠው ቅቤ ሊወጣላት ነው። «በጠበጠ» በሶ የሚበጠብጥ ሰው ሥራ ነው፤ ከዚያ «ብጥብጥ» ወጣ። «አመሰ» እህሉን በምጣድ ላይ እያገላበጡ ማሞቅ ነው፤ ከዚያ «አገር ታመሰ» ተባለ። በምጣድ ላይ ያለ እህል ማረፊያ እንደሌለው የታመሰ ከተማም ማረፊያ የለውም ሲል ነው። «ደፈረሰ» ግን የውኃ ነው፤ ወንዝ ይደፈርሳል፥ ጠላ ይደፈርሳል፥ ዓይን ይደፈርሳል፥ አገርም ይደፈርሳል። ተቃራኒውም «ጠራ» እና «ሰከነ» ነው፤ ቡናው በጀበናው ከፈላ በኋላ በማቶቱ ላይ ተቀምጦ አተላው እስኪወርድ ድረስ ይቈያል፥ ይህም መስከን ይባላል። ልበ ረጋ የሆነውንም ሰው «የሰከነ» እንለዋለን። የቅኔ መምህራን እንደሚያስተምሩት ጀበናው ሰሙ ነው፥ ሰውየው ወርቁ ነው።

የሌሎችም ሕዝቦች ቃል ከዚህ አይርቅም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የባቢሎን ሰዎች ቋንቋ በተደባለቀ ጊዜ ዕብራይስጡ «ባለል» ይላል። ይህ ቃል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ለቍርባን የሚቀርበው መልካም ዱቄት በዘይት ስለ መለወሱ የተነገረው ቃል ነው። አንዱ ግሥ በአንዱ ስፍራ መሥዋዕት ይሆናል፥ በሌላው ስፍራ መበተን ይሆናል። የጽርዕ ሊቃውንት የባቢሎንን ስም ሲተረጕሙ «ሲንኪሲስ» አሉት፤ በአንድነት ማፍሰስ ማለት ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ከተማ ስለ አርጤምስ ቤተ መቅደስ በተናወጠች ጊዜም ይኸው ቃል ተጽፏል፤ ከተሰበሰቡትም የሚበዙት ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ አያውቁም ነበር። ሮማውያን ስለ ድፍርስ ውኃ «ቱርቢዱስ» ይሉ ነበር፤ የእንግሊዞች «ትራብል» የሚባለው ቃል በፈረንሳይ ቋንቋ በኩል ከዚህ የወረደ ነው። እንግዲህ የሮም ሰውና የኛ አገር ሰው ሳይገናኙ ሁለቱም ወደ አንድ ወንዝ ተመለከቱ።

ዐረቦች ግን ወደ እሳት ተመለከቱ። «ፊትና» የሚሉት የሕዝብን መለያየትና መታወክ ነው፤ ግሡ ግን አስቀድሞ ወርቅን በእሳት አቅልጦ ስለ መመርመር የተነገረ ነው። የእኛ «ፈተና» የዚያ ቃል እኅት ነው። እነርሱ ሁከቱን በዚህ ስም ጠሩት፥ እኛ መመርመሩን በዚህ ስም ጠራነው። አንድም፥ ሁከት በመጣ ጊዜ የሰው ወርቅነቱና አፈርነቱ ይታወቃል ሲል ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት በአጋሮ፥ በሊሙ፥ በጌራ የምንኖር ሰዎች በብዙ ቋንቋ መካከል እንኖራለን። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፥ ይኸውም ከ1878 እስከ 1932 ድረስ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)፥ ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ሳለ ከበታቹ ያለው የሂርማታ ገበያ የኦሮሞውን፥ የዐማራውን፥ የከፋውን፥ የዳውሮውንና የየሙን ነጋዴ፥ ዐረብኛ የሚያነበውንም የእስልምና ሊቅ ያገናኝ ነበር። ዛሬም ቡና የሚሸጥና የሚገዛ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ቋንቋ ይሰማል።

በዚህ አገር በብዛት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ እርሱም ለዚህ ነገር ሁለት የተለዩ ቃላት አሉት። አንደኛው «ጄቁ» ነው፥ ማወክ ማለት ነው፤ ከእርሱም «ጄቁምሳ» ይወጣል፥ ሁከት ማለት ነው፤ ይህ ቃል አዋኪውን ይፈልጋል። ሁለተኛው «ቦረኡ» ነው፥ መደፍረስ ማለት ነው፤ ስለ ውኃም ስለ ሰላምም ይነገራል። እኛ ሰላም ደፈረሰ እንደምንል እነርሱም እንዲሁ ይላሉ። ይህ ቃል የሆነውን ይናገራል እንጂ ያደረገውን አይከስስም።

የዚህን ቋንቋ ቃላት በመጽሐፍ ከሰበሰቡት አንዷ በዚህ በኛ አገር ሁከት ያለፈች ሴት ናት። አስቴር ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧት፥ በምፅዋ አጠገብ ባለው በምኵሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያም ብዙ የኦሮምኛ ቃል ሰበሰበች። ኦኔሲሞስ ነሲብ አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ ሲያሳትም የእርሷ ድካም በሥራው ውስጥ ነበረ፤ የታተመውም በግእዝ ፊደል ነው። ኦኔሲሞስም ራሱ በሕፃንነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፥ በምፅዋ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። የቀድሞ ስሙ ሂካ ነው፥ ተርጓሚ ማለት ነው። በኦሮምኛ «ሂኩ» መፍታት ነው፤ የታሰረ ገመድም ይፈታል፥ ቃልም ይፈታል። በአማርኛችንም «ፍቺ» የምንለው ከ«ፈታ» ነው። ታስረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ቃልን የሚፈቱ ሆኑ፤ ይህን ልብ ይሏል።

አሁን ደግሞ የራሴን በደል ልናገር፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ በላይኛውና በታችኛው ሰፈር መካከል ጠብ ሆነ። ከላይ ያለው የእሸት ቡና መፈልፈያ ገለፈቱንና እጣቢውን ወደ ወንዙ ይለቅ ነበር፤ ከታች ያሉት ደግሞ ከብቶቻቸው የሚጠጡት ውኃ ተበላሸባቸው። ለዕርቅ በተቀመጥን ጊዜ ሁለቱን ቋንቋ የማውቅ ስለ ሆንሁ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። ከታችኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ነጋን ኬኛ ቦረኤ» አሉ። እኔም የቃሉን መጠን ሳልመዝን «ሁከት አስነሥታችሁብናል ይላሉ» ብዬ ተረጐምሁ። ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሰዎች «እኛን ሁከተኞች ሊሉን ነው የጠሩን?» ብለው ተነሥተው ወጡ፤ ጉባኤውም ሊፈርስ ሆነ።

ቡናውን ይቀዱ የነበሩት አሮጊት ጀበናውን አስቀምጠው፥ «አባ፥ እርሳቸው ቦረኤ አሉ እንጂ ጄቀን አላሉም» አሉኝ። ሰላማችን ደፈረሰ አሉ እንጂ አወኩን አላሉም ማለታቸው ነው። እኔ በዋሸራ ቤት ቅኔ ስማር አንድ ቃል አልፎብኝ መምህሬ ሲቈጣኝ እንኳ እንደዚያ ቀን አላፈርሁም። ወጥቼ ሁለቱን ሰዎች በደጅ ደረስሁባቸው፥ «በደሉ የእኔ ነው፥ ሽማግሌው ውኃውም ሰላሙም ደፈረሰ አሉ እንጂ እናንተን አልከሰሱም» ብዬ ለመንኋቸው፤ ተመለሱም። ነገሩም ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ እጣቢው ወደ ወንዙ ሳይገባ በጕድጓድ ተጠራቅሞ እንዲሰክን ተስማሙ። እኔ ክስ ያደረግሁት ነገር ጕድጓድ የሚሻ ኖሯል።

እንግዲህ ምሥጢሩ ይህ ነው። ለመታወክ የምንሰጠው ስም መድኀኒቱን ይዞ ይመጣል። ሁከት ካልነው ሁከተኛ እንፈልጋለን፥ ከዚያም ዳኛና ወኅኒ። ታመሰ ካልን እሳቱን ማን እንደሚያነድደው እንመረምራለን፥ እንጨቱንም ከሥሩ እንስባለን። ተናጠ ካልን ቅቤውን እንጠብቃለን። ደፈረሰ ካልን ግን ምንጩን እንጠብቃለን፥ እጃችንንም ከውኃው እናወጣለን፤ ድፍርስ ውኃ በእጅ ሲነኩት ይብሳልና። ሁሉም ስም በየስፍራው እውነት ነው፤ በእውነት አዋኪ ያለበትን ነገር «ደፈረሰ» ብሎ ማለፍም በደለኛውን መሸሸግ ነው። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውንም ተረት ብዙዎች ሆን ብለው ለማደፍረስ ይጠቅሱታል፤ ተረቱ ግን ለደረሰበት ሰው መጽናኛ ነው እንጂ ለሚያደፈርሰው ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ በቡና አገር የምትኖሩ ካህናት፥ ሽማግሎችና አስተርጓሚዎች ሆይ፥ በሁለት ወገን መካከል በተቀመጣችሁ ጊዜ የሰማችሁትን ቃል አስቀድማችሁ መዝኑ። ተናጋሪው የከሰሰ እንደ ሆነ ክሱን አታለዝቡ፤ ያዘነ እንደ ሆነ ኀዘኑን ክስ አታድርጉት። ያልገባችሁን ቃል «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔ ያን ቀን ጠይቄ ቢሆን ሁለት ሰዎች ባልወጡ ነበር። የልባችንን መናወጥ ለፈውስ ያድርግልን፥ የደፈረሰውንም ያጥራልን። አሜን።